ለሾፌር ሱሩር የተላከ ግራፊክስ ካርድ

ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ
መስከረም 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ዑዘይር፣

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ለጤናህ እንዴት ከርመሃል? የሻርጃ ሙቀትስ በረድ አለልህ ወይ? እኛ አልሐምዱ ሊላህ ደህና ነን። አባባም "የእህቴን ልጅ አላህ ባለበት ይጠብቀው፣ ሥራውን በረካ ያድርግለት" ብለውሃል።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው ትለኝ ይሆናል። በስልክ ስናወራ አባባ አጠገቤ ናቸው፣ የልቤን አልነግርህም። በቴሌግራም ስጽፍልህ ደግሞ አንዲት አውራ ጣት ልከህ ትዘጋዋለህ። ነጋዴዋ ጣይባ ልብስ ልታመጣ ወደዚያ ስለምትበር፣ ቁጭ ብለህ አንብበህ እንድትመልስልኝ በእጄ ጻፍኩልህ።

ነገሩ ስለ ኮምፒውተርህ ነው። ኮምቦልቻ ጌም ቤት ስትሠራ የገዛሃት፣ ስትሄድ "ለአባባ ትሁን" ብለህ የተውካት። እናቴ፣ አላህ ይዘንላትና፣ "ለዚህ ሽማግሌ የሕፃን ጨዋታ?" ብላ ስቃብህ ነበር። የዚያን ጊዜ እግራቸው ገና አልተቆረጠም። አሁን አባባ ያለዚህች ማሽን ምን እንደሚሆኑ አላውቅም። ሠላሳ አንድ ዓመት በጅቡቲ መስመር ተሳቢ የነዱ ሰው፣ ጠዋት ከሰላታቸው በኋላ ክራንቻቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው የመኪና ጌሙን መሪ ይይዛሉ። "አንድ እግር ለነዳጅም ለፍሬንም ይበቃል" ይላሉ። ፍሬን ሲይዙ እንደ እውነተኛው መኪና ትከሻቸው ወደፊት ሄዶ ይመለሳል። እኔ ልብስ ስፌቴ ላይ ቁጭ ብዬ አያቸዋለሁ።

ሰሞኑን ግን ተቸግረዋል። ስክሪኑ ጉም ለበሰ ይላሉ። የመንገድ ምልክቱ አይነበብላቸውም፣ ከፊታቸው ያለውን መኪና ሄደው ይገጩታል። ባለፈው ማክሰኞ ሦስቴ ገልብጠው መሪውን ለቀቁት። ፒያሳ ያለውን ኮምፒውተር ጠጋኝ ሞላን ጠርቼው አየው። "ማሽኗ አርጅታለች። ግራፊክስ ካርዷ ዐሥር ዓመት አልፎታል፣ ሥዕሉን አጥርታ ማውጣት አትችልም። ካርዱ ቢቀየር ይጠራል" አለኝ። ደሴም ኮምቦልቻም ጠየቅን፤ ያለው ዋጋው አይቀመስም።

አንተ የኮምፒውተር ዕቃ ሱቅ ውስጥ አይደል የምትሠራው? ያገለገለም ቢሆን ፈልግላቸው። አባባ "ልጁን እንዳታስቸግሪው" ብለውኛልና፣ እንደጻፍኩልህ አትንገርብኝ።

እህትህ ጀሊላ ሱሩር


ሻርጃ
ጥቅምት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ጀሊላ፣

ወዐለይኩም ሰላም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ደብዳቤሽን ከጣይባ እጅ ስቀበል ደነገጥኩ። የእጅ ጽሑፍሽን ሳይ መርዶ መስሎኝ እዚያው መንገድ ላይ ቆሜ ነው የቀደድኩት። የካርድ ነገር መሆኑን ሳይ ለብቻዬ ሳቅኩ።

በደንብ አደረግሽ፤ ይሄም ማስቸገር ከሆነ እኔን ያሳደገኝ ማን ነው? ልጅ ሆኜ እስከ ሚሌ ይዘውኝ ሲሄዱ፣ ከሩቅ የሚመጣው መኪና ገና እንደ ጉንዳን ሳለ "ይሄ የሾፌር ብሩ ነው፣ የግራ መብራቱ ዘመም ያለ ነው" ይሉኝ ነበር። ሲደርስ እውነትም ብሩ ይሆናል! ለእሳቸው ጥርት ያለ መንገድ ካላሳየኋቸው ምኑን ወንድ ሆንኩ?

ግን ካርድ ዝም ብሎ አይገዛም። የማሽኗን የጎን ክዳን ክፈቺ። ገመዱ የሚገባበት የብረት ሣጥን አለ፣ ፓወር ሰፕላይ ይባላል፤ ላዩ ላይ ስንት ዋት እንደሚል ጻፊልኝ። ከዚያ አሮጌው ካርድ ከተሰካበት ከኋላው ጀምረሽ ከፊት እስካለው ብረት ድረስ ስንት ሳንቲ ሜትር ክፍት ቦታ እንዳለ ለኪ። ልብስ ሰፊ ስለሆንሽ ይሄ አያቅትሽም።

አባባን እጃቸውን ሳሚልኝ።

ዑዘይር


ደሴ
ኅዳር 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ዑዘይር፣

አሰላሙ ዐለይኩም። አላህ ደጉን ሁሉ ያሰማን። የጠየቅከኝን በሜትሬ ለክቼዋለሁ፣ ቦታው 19 ሳንቲ ሜትር ነው። ሣጥኑ 300 ዋት ይላል። ሁለቴ ነው የለካሁት።

እዚህ ብርዱ ገብቷል። የጦሳ ተራራ ጉም ጠዋት ጠዋት እስከ ደጃችን ይወርዳል። አባባ ትናንት ሻይ ሲቀዱ ብርጭቆውን ስተው ትሪው ላይ አፈሰሱትና "የደሴ ጉም ቤት ድረስ ገባ እኮ!" ብለው አሳቁኝ። ድሮ ክር በመርፌዬ የሚያስገቡልኝ እሳቸው እንደነበሩ ታውቃለህ። አሁን "እጄ ይንቀጠቀጣል" ብለው ተዉት። እውነትም ጃጅተዋል መሰለኝ፤ ስድሳ ስድስት ዓመት ቀልድ አይደለም።

የስኳር ቀጠሯቸው ባለፈው ሳምንት ነበር። "ጉሙ ይገለጥና እሄዳለሁ" አሉኝ። እኔም የሠርግ ልብስ ተደራርቦብኝ አልገፋሁበትም።

ካርዱ መቼ ይደርሳል? በየቀኑ ይጠይቁኛል። ሲጠይቁኝ የማይጠይቁ ለመምሰል "ያ ልጅ ደህና ነው?" ብለው ነው የሚጀምሩት።

ጀሊላ


ሻርጃ
ጥር 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ጀሊላ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። ስለዘገየሁ አፉ በይኝ፤ ሥራ በዛ፣ ሰውም ጠፋ። ካርዱ ይኸው በጣይባ እጅ መጣ። ሁለት ማራገቢያ ያለው፣ በጣም ጥሩ ካርድ ነው። አባባ የመስታወቱ ላይ የዝናብ ጠብታ ሳይቀር ያያሉ።

አብሽሪ።

ዑዘይር


ደሴ
የካቲት 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ዑዘይር፣

አሰላሙ ዐለይኩም። አላህ ይስጥህ፣ ካርዱ በሰላም ደርሷል። ግን አልገባም። ሞላ ለካው፣ 24 ሳንቲ ሜትር ሆነ። "ብረቱን ቆርጬ ላስገባው" ብሎ ነበር፤ ከዚያ ለካርዱ የሚሆን የመብራት ገመድም ከሣጥኑ አጣ። ቢገባም ሣጥኑ አይችለውም አለ።

አባባ ካርዱን ተቀብለው በጣታቸው ከዳር እስከ ዳር ዳሰሱት። ማራገቢያውን አዞሩት። "ከባድ ነው፤ ልጄ ብዙ ደክሞበታል" አሉና መለሱልኝ። እንዳላዘኑ ለማሳየት ያን ቀን ሁለት ሰዓት ነዱ፤ አሁን የሚነዱት ቀጥ ያለውን መንገድ ብቻ ነው።

አንድ ሌላ ነገር አዘውኛል። የማንበቢያ መነጽር ቢገኝ ብለዋል። ቁርኣኑ ፊደሉ ረቀቀብኝ ይላሉ። ጁምዓም ብቻቸውን መሄድ ትተዋል፤ ጎረቤታችን ጣሀ ነው ክንዳቸውን ይዞ የሚወስዳቸው። መንገዱ ተቆፍሯል ብለው ነው።

ረመዳን እየገባ ነውና በዱዓህ አትርሳን።

ጀሊላ


ሻርጃ
መጋቢት 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ጀሊላ፣

ዒድ ሙባረክ። ዘንድሮም በሰው አገር ዋልኩ፣ አልሐምዱ ሊላህ።

ይሄኛው ካርድ 17 ሳንቲ ሜትር ነው። ተጨማሪ ገመድ አይፈልግም፣ 300 ዋት ይበቃዋል። እዚሁ ሰክቼ ሞክሬዋለሁ። መነጽሩንም ልኬያለሁ፤ ቁጥሩን ስላላወቅኩ ሦስት ዓይነት ነው፣ ይምረጡ። ሲሰካ አባባ ምን እንዳሉ ቃል በቃል ጻፊልኝ። እሷን ለመስማት ነው የምጠብቀው።

ዑዘይር


ደሴ
ሚያዝያ 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ዑዘይር ወንድሜ፣

ይሄን ደብዳቤ ጣይባን አልጠበቅኩበትም። ፎቶ አንስቼ በቴሌግራም ልኬልሃለሁ። በስልክ ልነግርህ ደውዬ መልሼ ዘጋሁት።

ሞላ እሑድ ከሰዓት መጥቶ ካርዱን ሰካው። ልክክ ብሎ ገባ። ማሽኗን ሲያበራት፣ ዑዘይር፣ ወላሂ እኔ አፌን ያዝኩ። ዛፉ ቅጠል በቅጠል ይታያል። ዝናብ እየዘነበ ነበርና ጠብታው መስታወቱ ላይ ሲንሸራተት፣ መጥረጊያው ሲጠርገው ይታያል። እንዳልከው ነው። ሞላ ራሱ "እንዲህ ይሆናል አላልኩም ነበር" አለ።

"አባባ፣ እንዴት ነው?" አልኳቸው።

ወንበራቸውን አስጠጉ። ከላክላቸው መነጽር አንዱን አደረጉ፣ አወለቁ፣ ሌላውን አደረጉ።

"ካርዱ ገብቷል?" አሉ።

"ገብቷል አባባ።"

"ጉሙ አለ" አሉ።

ሞላ ስክሪኑን ጠረገው። ብርሃኑን ጨመረው። እኔ ያን ጊዜ ሄጄ ከስክሪኑ ጎን ግድግዳው ላይ የእናቴ ፎቶ የሚሰቀልበት ቦታ ቆምኩና "አባባ፣ ይሄስ ይታይዎታል?" አልኳቸው። ጠየቅኳቸው እንጂ መልሱን አውቄዋለሁ። ወደ ድምፄ ዞረው "ኩኩ ናት አይደል?" አሉኝ። እናቴን ማለታቸው ነው። እዚያ ቦታ ፎቶዋ እንዳለ ስለሚያውቁ ነው ያሉት፤ እኔ ግን ሳልነግራቸው አውርጄው፣ ጀርባውን ወደ እሳቸው አዙሬ ደረቴ ላይ ይዤው ነበር።

በማግስቱ ሆስፒታል ወሰድኳቸው። ሐኪሟ ጣቷን እያሳየች ስንት ነው አለቻቸው። በቀኝ ዓይናቸው ምንም። በግራው "ሦስት፣ አይ ሁለት" አሉ። ስኳሩ ከዓይናቸው ጀርባ ያሉትን ቀጫጭን የደም ሥሮች በልቷቸዋል፣ ደም ፈሷል። ሐኪሟ ወደ ውጭ ጠርታኝ "ጉም ጉም አለኝ ካሉ ስንት ጊዜ ሆናቸው?" አለችኝ። "ከመስከረም በፊት ጀምሮ" አልኳት። ቀስ ብላ፣ ጥቅምት ላይ እንኳ ቢመጡ የጨረር ሕክምናው ብዙ ያተርፍ ነበር አለችኝ። አሁን አዲስ አበባ ሄደን ግራውን እንሞክራለን፤ ቃል ግን አልገባችልኝም።

ሰባት ወር፣ ዑዘይር። ሰባት ወር ማሽኗን ስናክም ነበር። እኔ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ሻዩ ሲፈስ፣ መርፌው ሲቀር፣ ሁሉንም አየሁና በሜትር ኮምፒውተር ለካሁ።

ጀሊላ


ሻርጃ
ሚያዝያ 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ጀሊላ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። ሦስት ቀን ወረቀት ይዤ ቁጭ ብዬ ነበር።

ጥፋቱን ለብቻሽ አትውሰጂው። አንቺ "19" ብለሽ ጽፈሽልኛል። ደብዳቤሽ ኪሴ ውስጥ ነበር። እኔ የሥራ ጓደኛዬ ካርድ በርካሽ ሲሸጥ አየሁና፣ ደብዳቤሽን አውጥቼ ሳላይ "ይገባል" ብዬ ገዛሁት። እሱም ከኅዳር እስከ ጥር ከዘገየሁ በኋላ ነው። ሥራ በዛ ያልኩሽ ውሸት ነው። ከሱቁ ኅዳር ላይ አስወጥተውኝ መጋዘን ዕቃ እጭን ነበር፤ ይሄን ሰምታችሁ እንዳታዝኑ ደበቅኳችሁ። ካርዱ ቀድሞ ደርሶ ቢሆን፣ ጉሙ ከካርዱ እንዳልሆነ በኅዳር ታውቂው ነበር። ይሄን እያሰብኩ እንቅልፍ አጣሁ።

አንቺም መነጽር ስትጠይቂኝ "ለምን?" አላልኩሽም። በሦስት ቁጥር ገዝቼ ላክሁ። ምን ዓይነት ሰው ነው በሦስት ቁጥር መነጽር የሚልክ?

ለአባባ ምን እንደምላቸው አላውቅም። ለሕክምናው የተቻለኝን ልኬያለሁ። አፉ እንዲሉኝ ለምኚልኝ።

ዑዘይር


ደሴ
ግንቦት 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ዑዘይር፣

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። የምትጽፈው ጀሊላ ናት፤ እኔ ከምለው ውጪ የራሷን አንድ ቃል እንዳትጨምር አስምዬያታለሁ።

ደብዳቤህን አነበበችልኝ። እያነበበች አለቀሰች፣ እኔ ግን ተናደድኩ። እናንተ ልጆች ጥፋቱን ለሁለት ስትካፈሉት ለእኔ ምን አስቀራችሁልኝ?

እኔ አውቀው ነበር። ከአምናው ክረምት ጀምሮ። ቀኝ ዓይኔን ስከድነው ግራው ያያል፣ ግራውን ስከድነው ጨለማ ነው። ይሄን የሚያደርግ የኮምፒውተር ካርድ የለም፤ ሾፌር ነኝ፣ ይሄ አይጠፋኝም። ግን ለጣት ቁስል ሆስፒታል ገብቼ እግሬን ትቼ የወጣሁ ሰው ነኝ። ዓይኔን ይዤ ብሄድ ምን ትቼ እንደምመለስ ፈራሁ። ያ ሞላ የሚሉት "ካርዱ ነው" ሲል ደስ አለኝ። ወላሂ ደስ አለኝ። እናንተ ካርድ ስትፈልጉ፣ እኔ "ምናልባት እሱ ይሆናል" እያልኩ ራሴን ሳባብል ከረምኩ። ካርድህ በኅዳር ቢደርስ ሌላ ሰበብ እፈልግ ነበር። ስለዚህ አሥራ ዘጠኝ ነው፣ ሃያ አራት ነው እያልክ ራስህን አትብላ።

አዲስ አበባ ሄደን ጨረሩን አደረጉልኝ። ሰው በር ላይ ሲቆም ጥላውን አያለሁ። ጀሊላን በቀሚሷ ቀለም እለያታለሁ። ሐኪሙ "በዚሁ ይቆይልዎ" ነው ያለኝ፣ "ይሻልዎታል" አላለኝም።

ከእንግዲህ ገንዘብ አትላክ። ዕቃም አትላክ። ከሄድክ ስድስት ዓመትህ ነው። ለአረፋ ና። መጋዘን ውስጥ ስትጭን የከረምክበትን ፊት ሳየው ነው የማምንህ። ና፣ ግን አትዘግይ።

አጎትህ ሱሩር


ደሴ
ሰኔ 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ዑዘይር፣

አሰላሙ ዐለይኩም። በሰላም መግባትህን ሰምተን አላህን አመሰገንን። ሦስቱ ሳምንት እንደ ሦስት ቀን ሄደ። ቤቱ ጸጥ ብሏል። የተኛህበትን ፍራሽ አባባ እስካሁን "አታንሺው" እያሉኝ ነው።

ማሽኗን እንዳስተማርከኝ እኔ እነዳታለሁ። እሳቸው አጠገቤ ቁጭ ብለው በጆሯቸው ይቆጣጠሩኛል። "ማርሽ ቀይሪ! ሞተሩ እየጮኸብሽ አይሰማሽም?" እያሉ ይጮኹብኛል። ትናንት ዳገት ላይ ሞተሩን አጥፍቼባቸው "አንቺን ረዳት አድርጌ ብይዝ ኖሮ ገና ባቲ ሳንደርስ ነበር የማስወርድሽ" አሉኝ።

ለመጣው ሰው ሁሉ ስለ አንተ ያወራሉ። "ፊቱን አየሁት፣ ከስቷል፣ ግን ደህና ነው። አልሐምዱ ሊላህ፣ ዓይኔ ሳይጠፋ ደረሰልኝ" ይላሉ። ይሄን ስትሰማ ደስ እንዲልህ ብዬ ነው የጻፍኩልህ። ደርሰህላቸዋል። ሌላው ሌላው ሁሉ የአላህ ነው።

ጀሊላ


ሻርጃ
ሐምሌ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ጀሊላ፣

ወዐለይኩም ሰላም። ደብዳቤሽን አንብቤ ብዙ ቀን ቆየሁ። የጻፍሽልኝ ለእኔ ብለሽ እንደሆነ አውቃለሁና አልተቆጣሁም። ግን አባባ እንዳላዩኝ አውቃለሁ።

ኮምቦልቻ ከአውሮፕላኑ ደረጃ ስወርድ አጥሩ ጋ ቆማችሁ አየኋችሁ። አንቺ አጎንብሰሽ ጆሯቸው ላይ ታወሪ ነበር። ስትነግሪያቸው እያየሁሽ ነው የወረድኩት። ያን ጊዜ ቀይ ሹራብ ለብሼ ነበር። ሻንጣዬን ስጠብቅ ሙቀቱ አላስቆም ስላለኝ አውልቄ ቦርሳዬ ውስጥ ጨመርኩትና በነጭ ካናቴራ ወጣሁ።

አባባ እጃቸውን ዘርግተው "ከስተሃል" አሉኝ። ደስታዬን ልነግርሽ አልችልም፤ አዩኝ ብዬ። ከዚያ "ቀዩ ሹራብ ግን ያምርብሃል" አሉኝ። አንቺ ካናቴራዬን አየሽና ፊትሽን አዞርሽ። ያቺ በር ላይ የሚቆም ሰው ጥላ እንኳ እንዳልቀረችላቸው ያን ጊዜ ገባኝ።

"አዎ አባባ፣ ለእርስዎ ብዬ ነው የለበስኩት" አልኳቸው።

የማላውቀው መስሎሽ ሦስት ሳምንት ሙሉ ስትጨነቂ አየሁሽ። አንቺ ያላየሽው ግን ይሄን ነው። ባጃጁን ልትጠሪ ስትሄጂ አባባ አቀፉኝ። እጃቸው ትከሻዬ ላይ አረፈና ቆመ። ጣታቸው ሹራብ ፈልጎ ስስ ካናቴራ ነው ያገኘው። ከዚያ ጀርባዬን መታ መታ አደረጉና፦

"የኮምቦልቻ ሙቀት አይቻልም፣ አይደል?" አሉኝ።

"አይቻልም አባባ" አልኳቸው።

ወንድምሽ ዑዘይር